ማሽን ሲቆም ማን ይጠራል? ዲጂታል ሬዲዮ በባሕር ዳር ፋብሪካዎች የጥገና ክፍል

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ የሽመና ማሽን ቆመ እንበል። ክር ተበጥሶ ቢሆን ኦፕሬተሯ ራሷ ቀጥላ ታስነሳው ነበር፤ ይኼ ግን ጭራሽ ኃይል የለውም። ሺፍት መሪውን ትፈልጋለች፤ እሱ በአዳራሹ ሌላኛው ጫፍ ነው። መጥቶ ያይና ወደ ወርክሾፕ ሰው ይልካል። ወርክሾፕ የተገኘው መካኒክ ነው፤ የሚፈለገው ደግሞ ኤሌክትሪሺያን። ኤሌክትሪሺያኑ ኮምፕረሰር ክፍል ገብቷል። የተላከው ልጅ እዚያ ድረስ ይሮጣል፤ ጩኸቱ ድምፁን ስለሚውጠው በሩ ላይ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ይጠራዋል። ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ ፓኔሉን ይከፍታል፣ የተቃጠለ ፊውዝ ይቀይራል። ጥገናው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ማሽኑ ግን ግማሽ ሰዓት ቆሟል፤ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረውም «የኤሌክትሪክ ብልሽት፣ 30 ደቂቃ» የሚል ነው።

መዝገቡ አልዋሸም፤ ሥራ አስኪያጁን ግን ያሳስተዋል። ሠላሳ ደቂቃ ሲያይ የሚመጣለት የባለሙያ እጥረት ወይም የማሽኑ እርጅና ነው። ሃያ አምስቱ ደቂቃ በሰው ፍለጋ ማለቁን የትም አላነበበም። የዲጂታል ሬዲዮ (የእጅ ዎኪቶኪ) ሻጮች ካታሎግ ይዘው ሲመጡ «ምርታማነት ይጨምራል» የሚሉት ይህችን ሃያ አምስት ደቂቃ አስበው ነው። እውነት አላቸው፤ የሚናገሩት ግን ግማሹን ነው። ሬዲዮ የሚያሳጥረው ጥሪውን ነው። የጥሪው ጊዜ ስንት እንደሆነ ያልለካ ፋብሪካ ሬዲዮውን ገዝቶም ምን እንዳተረፈ አያውቅም።

ስለዚህ ከግዥው በፊት የብልሽት መዝገቡ ላይ አራት ሰዓቶች ይጻፉ፦ ማሽኑ የቆመበት፣ ጥሪ የተደረገበት፣ ባለሙያው የደረሰበትና ማሽኑ የተነሳበት። ሁለት ሳምንት ይበቃል። ከተደረሰ በኋላ ያለው ጊዜ ከረዘመ ችግሩ ያለው ስቶር ውስጥ ነው፤ ያልተገዛ ቤሪንግን በሬዲዮ ጠርቶ ማምጣት አይቻልም። ከመድረስ በፊት ያለው ከረዘመ ግን ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይመለከታችኋል።

ባሕር ዳር ላይ ይህ ነገር ክብደት አለው። ከተማዋ ፋብሪካ ያየችው ዛሬ አይደለም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ጀመረ፤ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ ትብብር በ1963፣ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫም በ1964 ተከተሉት። በዚያን ጊዜ የተገነባ አዳራሽ ሰፊ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ምሰሶው ኮንክሪት ነው። ዛሬ የሚሠሩት ሼዶች ደግሞ ከጣሪያ እስከ ግድግዳ ቆርቆሮና ብረት ናቸው። ኮንክሪቱ የሬዲዮን ሞገድ ያደክመዋል፤ ብረቱ ጨርሶ ያግደዋል፤ ወይም ያንጸባርቀውና ከራሱ ጋር ያላትመዋል። ሻጩ ቢሮ ቁጭ ብሎ «እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ይደርሳል» ሲል ሜዳ ላይ ማለቱ ነው።

ስልክ እያለ ሬዲዮ ለምን?

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው፤ ተገቢም ነው። ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ስልክ አለ፣ የጥገና ክፍሉም የቴሌግራም ግሩፕ አለው። ለተበላሸ ዕቃ ፎቶ ከቴሌግራም የሚሻል የለም። ለጥሪ ግን ይደክማል። ስልክ አንድን ሰው ይጠራል፤ እሱ ካላነሳ ሌላውን መፈለግ ነው። ጓንት ያደረገ፣ እጁ ግሪስ የነካ መካኒክ ስክሪን መንካት አይሆንለትም። ሬዲዮ ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሲናገሩ የጥገና ክፍሉ በሙሉ ይሰማል፤ ቅርብ ያለው ይነሳል።

ሌላም ምክንያት አለ፣ እዚህ አገር ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ሥራውን በግሩፕ መልእክት ላይ ያቆመ ሁሉ በአንድ ሌሊት ወደ እግር መልእክተኛ ተመለሰ። «በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ ሬዲዮ» እየተባለ የሚሸጠውም ዕቃ ያው ነው፤ መልኩ ሬዲዮ፣ ነፍሱ ስልክ። ኔትወርክ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በግቢው ውስጥ በራሱ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ሬዲዮ ግን ከሲም ካርድም ከኢንተርኔትም ጉዳይ የለውም።

ዲጂታሉ ምን ጨመረ?

ፋብሪካዎች ውስጥ ዎኪቶኪ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዘበኞች ከያዙት ቆይቷል። ነባሩ አናሎግ ነው፦ አንድ ቻናል፣ በአንድ ጊዜ አንድ ተናጋሪ። ጥበቃው ስለ መኪና ሲያወራ መካኒኩ ይጠብቃል።

ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ የሚቀርብላቸው ዲጂታል ዲኤምአር የሚባለው ነው፤ የአውሮፓው የቴሌኮም ደረጃዎች ተቋም ኢትሲ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ደረጃ ነው። ዋና ብልሃቱ ጊዜን መክፈል ነው። 12.5 ኪሎኸርዝ ስፋት ያለውን አንድ ቻናል በ30 ሚሊሰከንድ እየቆራረሰ ለሁለት ንግግር ተራ ያድላል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጠባብ በር በየተራ እንደሚተላለፉ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ መፈራረቁ በሰከንድ 33 ጊዜ ያህል ስለሆነ ማንም አለመቆሙ ነው። ስለዚህ በአንድ ሪፒተር (የሬዲዮዎቹን ሞገድ ተቀብሎ አጠንክሮ መልሶ በሚያሰራጭ ዕቃ) እና በአንድ ጥንድ ፍሪኩዌንሲ ጥገናው በአንዱ ተራ፣ ምርትና ጥበቃው በሌላው ሳይነካኩ ያወራሉ። ሬዲዮው ሲናገር ማሰራጫው የሚሠራው ግማሹን ጊዜ ብቻ ስለሆነ ባትሪም ይቆጥባል።

በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሬዲዮ የራሱ ቁጥር ስላለው ማን እንደተናገረ ይታወቃል። መካኒኮችን ብቻ፣ ኤሌክትሪሺያኖችን ብቻ ወይም ሁሉንም መጥራት ይቻላል። ብርቱካናማዋ የአደጋ ቁልፍ ስትጫን ጥሪው ለሁሉም ይደርሳል። አንዳንዶቹ ሬዲዮዎች የያዛቸው ሰው ከወደቀ ወይም ለረጅም ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ በራሳቸው ይጮኻሉ፤ ሌሊት ብቻውን ቦይለር ክፍል ለሚገባ ሰው ከቀረው ሁሉ ይህቺ አንዷ ትበልጣለች ብዬ አምናለሁ። የጽሑፍ መልእክትም አለ፤ ሆኖም ስክሪኑ ላይ የግዕዝ ፊደል የሚያወጣ ሬዲዮ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ደረጃው አንድ ነው ማለት የሁሉም ብራንድ ዕቃ በሁሉም ነገር ይግባባል ማለት አይደለም። የሞቶሮላና የሃይቴራ ሬዲዮ በድምፅ ይነጋገራሉ፤ የወደቀ ሰው ማስጠንቀቂያውና የመሳሰለው ግን በየአምራቹ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ዘንድሮ አሥር፣ ከርሞ በጨረታ ያሸነፈ ሌላ ብራንድ አሥር የሚገዛ ፋብሪካ ሃያ ዎኪቶኪ ይኖረዋል፤ አንድ ሲስተም ግን የለውም። በጎ ጎኑ፣ ብዙዎቹ ዲጂታል ሬዲዮዎች በአናሎግም ስለሚሠሩ ያሉትን አሮጌዎች በአንድ ቀን መጣል አያስፈልግም።

ጩኸቱ

ካታሎግ ላይ ትንሽ፣ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ብዙ የሚያነጋግረው ይህ ነው። ሉሞች (የሽመና ማሽኖች) ሁሉ ሲሠሩ የሽመና አዳራሽ ጩኸት በቀላሉ ከ90 ዴሲቤል ያልፋል፣ የማመላለሻ ሉም ባለበት 100 ይደርሳል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ጥናት ተቋም ናዮሽ ለ8 ሰዓት ሥራ የሚፈቅደው 85 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤል ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ በ100 ላይ ያለ ጆሮ መከላከያ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ጆሮው የተሸፈነ ሰው ወገቡ ላይ ያንጠለጠለውን ሬዲዮ እንዴት ይሰማል? የሚሰማው መከላከያውን ሲያወልቅ ነው፤ ማውለቅ ደግሞ የለበትም። የጆሮ መከላከያ ከማዳመጫ ጋር አንድ የሆነበት ሄድሴት ካልተገዛ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ሬዲዮው ጌጥ ነው። ጨረታ ሲወጣ ዋጋ ለመቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘው ግን ሄድሴቱ ነው።

ነገሩ ከመስማት ብቻ አያቆምም። ዲጂታል ሬዲዮ ድምፅን እንዳለ አያሻግርም። ውስጡ ያለው ቮኮደር የሚባል ክፍል ንግግሩን የሰው ጉሮሮና አፍ ድምፅ በሚያወጡበት ስሌት ተንትኖ በሰከንድ 2,450 ቢት ያደርገዋል፣ የስሕተት ማረሚያ የሚሆን 1,150 ቢት ይጨምርበትና ይልከዋል። ከመደበኛው ዲጂታል የስልክ መስመር 64,000 ቢት ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደተጨመቀ ይታያል። ጸጥ ያለ ቢሮ ውስጥ ድምፁ ኩልል ያለ ነው። ከንግግሩ ጋር የሉም ጩኸት ሲገባ ግን ስሌቱ ጩኸቱንም የሰው ድምፅ አድርጎ ሊተረጉመው ይሞክራል፤ በዚያኛው ጫፍ የሚወጣው የተንተባተበ ነገር ይሆናል። በአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ሥር ያለው የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ይህን በእሳት አደጋ ሠራተኞች ሬዲዮ ላይ ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱን አውጥቶ ነበር፦ በአንዳንድ ጩኸቶች ውስጥ ነባሩ አናሎግ ከዲጂታሉ የተሻለ ተሰምቷል። ከዚያ ወዲህ ቮኮደሮቹም የጩኸት ማጣሪያውም ተሻሽለዋል፤ ግን ማንም ሻጭ ቢሮ ውስጥ ባሰማው ድምፅ መፍረድ አይገባም።

ሠራተኛው ራሱም የሚለምደው ነገር አለ። ጩኸት ውስጥ ሁላችንም እንጮኻለን፤ ሬዲዮ ላይ መጮኽ ድምፁን ይሰባብረዋል። ማይኩን ወደ አፍ አስጠግቶ በመደበኛ ድምፅ መናገር ይሻላል። የጥጥ ብናኝ የማይኩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ በሽመና ክፍል ሆን ተብሎ የሚጠበቀው እርጥበት ሲጨመርበት ብናኙ ይጋገራል። በሳምንት አንዴ ለስላሳ ብሩሽ ያዞረበት ክፍል «ድምፁ ወረደ» ብሎ ብዙ አይመላለስም። ብናኝ የሚበዛበት ቦታ፣ የዱቄት ፋብሪካም ጭምር፣ የእሳት ስጋት ስላለበት ለእንዲህ ያለ ቦታ የተመሰከረለት ሬዲዮ ያስፈልጋል፤ ተራው አይገባም።

አሁን ወደ ንግግሩ። ማሽኖች በቁጥር ይጠራሉ፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ደግሞ ሦስቱም በ«ሰ» ድምፅ ይጀምራሉ። ቀጭኑ የ«ሰ» ፉጨት ሬዲዮ ከሚያሳልፈው የድምፅ ክልል በአብዛኛው ውጭ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ቁጥሩን በአሃዝ ከፍሎ መናገርና ሰሚው መልሶ እንዲለው ማድረግ ይህን ይፈታዋል፦

«ወርክሾፕ፣ ወርክሾፕ፣ ከሽመና።»

«ወርክሾፕ ነኝ፣ ቀጥይ።»

«ሉም ሁለት፣ ሰባት። ኃይል የለውም። ኤሌክትሪሺያን።»

«ሉም ሁለት፣ ሰባት፣ ኤሌክትሪሺያን። ጋሼ፣ ሰምተዋል?»

«ሰማሁ ልጄ፣ ኮምፕረሰር ጋ ነኝ፤ ሁለት፣ ሰባት መጣሁ። ስቶር ፊውዝ አውጥቶ ይጠብቀኝ።»

ይኸው ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ስቶሩም አብሮ ስለሰማ ሁለተኛ ጉዞ ቀረ። ሺፍት መሪው ወርክሾፕ ሰው መላክ አላስፈለገውም።

ሕይወት የሚነካው ስሕተት ግን ሌላ ነው። ዲጂታል ሬዲዮ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ መስመሩን እስኪይዝ ለቅጽበት ይዘገያል፤ ዝግጁ መሆኑን በ«ቲት» ድምፅ ያሳውቃል። የቸኮለ ሰው ከቲቱ በፊት ይናገርና የመጀመሪያው ፊደል ይቀራል። አማርኛ ደግሞ ክልከላውን የሚያስቀምጠው ቃሉ መጀመሪያ ላይ ነው። «አታብራ» ያለው ሰው የመጀመሪያው ድምፁ ሲቆረጥ ምን እንደሚሰማ አስቡት፤ ጩኸት ውስጥ ያለ ጆሮ ደግሞ የጎደለውን እንደመሰለው ሞልቶ ነው የሚሰማው። ስለዚህ በጥገና ቻናል ላይ አደገኛ ትእዛዝ በክልከላ ግሥ አይነገር። «ቁም፣ ቁም፣ ቁም» ይበቃል፤ ሁለተኛው ቢቆረጥ ሦስተኛው ይደርሳል።

ከዚህም በላይ፣ ማሽን ውስጥ እጁን ያስገባ ሰው ደኅንነት በሬዲዮ ቃል ላይ መቆም የለበትም። ብሬከሩ ላይ የራሱን ቁልፍ ቆልፎ፣ ስሙ ያለበትን ካርድ አንጠልጥሎ፣ ኃይል አለመኖሩን በመለኪያ አይቶ ነው የሚገባው። «አጥፍቼዋለሁ፣ ግባ» የሚል ድምፅ ይህን አይተካም። እዚህ ላይ ዲጂታሉ እንዲያውም የባሰ ወጥመድ አለው። አናሎግ ሲርቅ እየሻከረ፣ እየፈሰሰ ስለሚሄድ ሰው ይጠራጠራል። ዲጂታሉ እስከ ጫፉ ጥርት ብሎ ይሰማና ድንገት ዝም ይላል። ዝምታው «እሺ» ማለት ይሁን «አልሰማሁም» ማለት ይሁን የሚታወቅበት መንገድ የለም።

ሪፒተር፣ መብራትና መብረቅ

ስለ ፍሪኩዌንሲው ባጭሩ፦ አዳራሽ ውስጥ ዩኤችኤፍ፣ ማለትም ከ400 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው፣ ይመረጣል። በ450 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 67 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በመስኮትና በበር ሾልኮ ይገባል፤ ቪኤችኤፍ ሁለት ሜትር የሚሆነው ሞገዱ ለሜዳ ነው። ጣና ላይ በጀልባ ለሚሠራ ሰው ቪኤችኤፉ ይሻለዋል፤ ያ ግን የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ከምድር በታች ላለ የኬብል ቦይ ወይም በብረት ለታጠረ ስቶር ሁለቱም ላይበቁ ይችላሉ፤ እዚያ ተጨማሪ አንቴና ወይም በርዝመቱ ሞገድ የሚያፈስ ኬብል መዘርጋት ይጠይቃል።

ሪፒተሩ ከዋናው መብራት ጋር ብቻ ከተያያዘ ትርጉም የለውም። የጥገና ሰዎች ከምንጊዜውም በላይ መነጋገር የሚፈልጉት መብራት ሲጠፋ ነው፤ ጀነሬተር እስኪነሳ፣ ኮምፕረሰር እስኪመለስ፣ የቆመው ሁሉ በቅደም ተከተል እስኪነሳ። ሪፒተሮች በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠሩ መፍትሔው ውድ አይደለም፤ የሚረሳ ግን ነው። ሪፒተሩ ራሱ ቢሞትስ? ሪፒተር ሳያስፈልግ ሬዲዮዎቹን በቀጥታ የሚያገናኝ ቻናል አስቀድሞ ተሞልቶ፣ ሁሉም የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ጣና ዳር የክረምት ነጎድጓድ ምን እንደሚመስል ለነዋሪው መንገር አያስፈልግም። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ አንቴና የመብረቅ መከላከያና በቂ መሬት (ኃይሉን ወደ ምድር የሚያወርድ ሽቦ) ካልተያያዘለት ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ውስጥ ሪፒተሩን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ቀድሞ ከነበረው የሕንፃው መሬት ጋር መያያዙን የሚያረጋግጠው የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ይሁን እንጂ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የወረደው ገጣሚ ብቻ አይሁን።

ፈቃድ

ፍሪኩዌንሲ የግል ንብረት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። አውሮፓ ውስጥ ያለ ፈቃድ ይሠራል ተብሎ የሚሸጥ ሬዲዮ እዚህም ያለ ፈቃድ ይሠራል ማለት አይደለም። ርካሾቹ ባኦፌንግ ሬዲዮዎች ደግሞ በእጅ የተሞላላቸውን ፍሪኩዌንሲ ሁሉ ስለሚቀበሉ፣ ሳያውቁት የሌላ ባለፈቃድ መስመር ላይ መግባት ቀላል ነው። አሁን በክልሉ ባለው የጸጥታ ሁኔታ ወረቀት የሌለው ሬዲዮ ይዞ መንገድ ላይ መገኘት ለሠራተኛው ትልቅ ጣጣ ነው። ስለዚህ ሬዲዮው ከሺፍት ወደ ሺፍት በፊርማ ይተላለፍ፣ ማታ ቤት አይሂድ።

ከአስተዳደሩ በኩል አንድ ፈተና አለ። ጥሪው ሁሉ ሊቀዳ፣ ማን መቼ እንደተናገረ ሊታይ ይችላል፤ በዚህ መረጃ የተኛ ሰው ለመያዝ መቸኮል ይመጣል። ይህን የመጀመሪያ ሥራው ያደረገ ፋብሪካ ውስጥ በሁለተኛው ወር የሬዲዮዎች ባትሪ በሚገርም ፍጥነት «ማለቅ» ይጀምራል። ቅጂው የብልሽት መዝገቡን አራት ሰዓቶች ለመሙላት ቢውል ግን ሺፍት መሪውን ከመጻፍ ያሳርፈዋል፣ ማንንም አያስኮርፍም።

ባትሪን ካነሳን፣ ካታሎግ ላይ የሚጻፈው የሰዓት ቁጥር ብዙ ጊዜ ሬዲዮው 5 በመቶ ሲናገር፣ 5 በመቶ ሲሰማ፣ 90 በመቶ ዝም ሲል ተብሎ የተሰላ ነው። ብልሽት በበዛበት ሌሊት ይህ ስሌት አይሠራም። ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሺፍት በሬዲዮ አንድ ተጨማሪ ባትሪ መያዝ ይገባል፣ ቻርጀሩም ወርክሾፕ በር ላይ፣ ርክክብ በሚደረግበት ቦታ ይቀመጥ።

ግዥ የሚፈጽም ሰው ከፕሮፎርማው በፊት ለአንድ ሳምንት ሙከራ አራት ሬዲዮና ሁለት ሄድሴት ይጠይቅ። ፈተናው ሁሉም ሉሞች በሚሠሩበት ሰዓት አዳራሹ መሐል፣ ቦይለር ክፍል በር ተዘግቶ፣ ስቶሩ መጨረሻ መደርደሪያ ጋ፣ የኬብል ቦዩ ውስጥ፣ አንዴም መብራት ጠፍቶ ይደረግ። ተናጋሪዋ የሌሊት ሺፍት ኦፕሬተር ትሁን፣ የሽያጭ ሠራተኛው አይሁን። ከእያንዳንዱ ቦታ አሥር የማሽን ቁጥር ይነገር፣ ሰሚው የሰማውን ይጻፍ፣ ከአሥሩ ስንቱ እንደተመታ ተቆጥሮ ወረቀቱ ከዋጋ ማቅረቢያው ጋር ይያያዝ።